የጀልባ ማቆሚያ ደንቡ የሚለካውን ይወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጀልባን በመኖሪያ ቤት የመኪና መግቢያ ላይ ማቆምን የሚመለከተው ረቂቅ ደንብ ይፋ ከሆነ ወዲህ በዚህ ዓምድ የወጡትን ደብዳቤዎች ተከታትያለሁ። ገሚሱ «ግቢው የእኔ፣ ጀልባው የእኔ፤ ማን ምን አገባው?» ይላል። ገሚሱ ደግሞ የሰፈሩ ገጽታ ተበላሸ፣ የቤታችን ዋጋ ወደቀ እያለ ያማርራል። እኔ ጀልባ የለኝም፤ ዋናም በቅጡ አልችልም። ነገር ግን የቅርብ ጎረቤቴ ጀልባ አላቸው፤ ተሳቢያቸው የሚቆመውም ከአጥሬ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የማውቀው በወሬ አይደለም፤ በየማለዳው መኪናዬን ሳወጣ እገጥመዋለሁ።

ረቂቁ ከስድስት ሜትር የሚረዝም ጀልባ ከቤት ፊት ለፊት እንዳይቆም ይከለክላል፤ ከዚያ የሚያጥረውን ይፈቅዳል። ዋናው ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፤ የተቀረው ስለ ቅጣት የሚናገር አንቀጽ ነው። ደንብ ለምን ይወጣል ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ቅሬታዬ መለኪያው ላይ ነው። ሜትሩ መዘርጋት ያለበት በጀልባው ጫፍና በእግረኛ መንገዱ መካከል ሆኖ ሳለ፣ አርቃቂዎቹ ከጀልባው ፊት እስከ ጀልባው ኋላ ዘረጉት።

የጎረቤቴ ጀልባ አምስት ሜትር አይሞላም፤ በረቂቁ ዓይን ምንም ጥፋት የለበትም። ይሁንና ተሳቢው ላይ ሲቀመጥ ከፍ ይላል፤ ሸራ ሲለብስ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ግድግዳ ይሆናል። መኪናዬን ወደ ኋላ ሳወጣ አንዱን ጎኔን ሙሉ በሙሉ ይጋርደኛል። የኋላ መብራቶቼ የእግረኛ መንገዱን አቋርጠው እስኪወጡ ድረስ ከጀልባው ወዲያ ማን እንዳለ አላይም። ትልቅ ሰው ከሆነ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይቆማል። ብስክሌት የሚጋልብ ልጅ ግን ምን ብሎ ይቆማል? ስለዚህ መስኮት ዝቅ ማድረግ፣ ጥሩምባ መንፋት፣ ጥቂት መንቀሳቀስ፣ መቆም፣ እንደገና ጥቂት መንቀሳቀስ የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። ጀልባው ሁለት ሜትር ወደ ቤቱ ቢጠጋ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተፈለገ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ባለው መንገድ ደግሞ ሰባት ሜትር የሚሆን ጀልባ ያላቸው ሴት አሉ። ጀልባቸው ከቤታቸው ፊት፣ ግን ከመንገዱ ርቆ፣ ማንንም ሳይጋርድ ይቆማል። ረቂቁ እንዳለ ቢጸድቅ የሚቀጡት እሳቸው ናቸው።

ለዓይነ ስውራን ነገሩ ይብሳል፤ እስካሁን ከጻፉት መካከል ይህን ያነሳ ሰው አለማየቴ ገርሞኛል። ዓይነ ስውር እግረኛ መሬት ላይ ያለውን እንቅፋት በበትሩ ያገኘዋል። የጀልባ አፍንጫ ግን ከሥሩ ክፍት ቦታ ትቶ ከላይ ወደ ፊት የሚወጣ ነገር ነው። በትሩ በሥሩ ሾልኮ ያልፋል፤ ጀልባውን መጀመሪያ የሚያገኘው የሰውዬው ደረት ወይም ፊት ነው። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ከመሬት ከ68 ሴንቲ ሜትር በላይ እስከ 2 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ከግድግዳ ወደ መተላለፊያ የሚወጣ ነገር በጠቅላላው ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚወስነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በትር የማያገኘው ከፍታ ያ ነውና። አራት ሜትር ተኩል የሆነ ጀልባ አፍንጫውን ግማሽ ሜትር የእግረኛ መንገድ ላይ ቢያወጣ በእኛ ረቂቅ ሕጋዊ ነው። ረቂቁን ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ «እግረኛ» የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳን አላገኘሁበትም።

«መንግሥት በግል ግቢ ውስጥ ምን ይሠራል?» ላሉት ጸሐፊ መልሱ የቆየ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የዩክሊድ መንደር መሬቷን በየአገልግሎቱ ከፍላ ደንብ ማውጣት እንደምትችል ፈርዷል። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ያሉት ነገር ዛሬም ይጠቀሳል፦ አዋኪ የሚባለው ነገር በራሱ ጥፋት የሌለበት፣ ቦታውን ብቻ የሳተ ሊሆን ይችላል፤ በረት ውስጥ መሆን ሲገባው እንግዳ መቀበያ ክፍል የገባ አሳማ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ሕግ አውጪ ከተማው ጤናማ ብቻ ሳይሆን ውብም እንዲሆን ሊወስን ይችላል አለ። እንግዲህ ሥልጣኑ አለ። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ግን የዳኛው ንግግር ስለ ቦታ መሆኑን ነው። ስለ አሳማው ርዝመት ያነሱት ነገር የለም።

ሥልጣን መኖሩ ደግሞ ደንቡን ጥበበኛ አያደርገውም። ፍሎሪዳ ውስጥ ኮራል ጌብልስ የምትባል ከተማ ለብዙ ዓመታት ነዋሪዎቿ ፒክአፕ መኪና ሌሊት ደጃፋቸው ላይ እንዳያሳድሩ ከልክላ ነበር። ምክንያቱ ያው የገጽታ ነገር ነው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከተማዋ ረታች። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የከተማዋ መራጮች ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው እገዳውን አነሱት። በፍርድ ቤት የጸና ደንብ በጎረቤቶች ዘንድ ሳይጸና ቀረ ማለት ነው።

መፍትሔው አጥር ነው የሚሉም አሉ፤ በሕዝብ መድረኩ ላይም ጭብጨባ ያገኘው ይህ ሐሳብ ነበር። ሰዎቹ የካሊፎርኒያዋን የሲሳይድ ከተማ ታሪክ የሰሙ አይመስለኝም። እዚያ በግቢ የሚቆም ጀልባ 1.8 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አጥር መጋረድ አለበት። ትእዛዙ የደረሰው አንድ ነዋሪ አጥሩን እንደታዘዘው አሠራ፤ ከዚያም ሠዓሊ ጠርቶ ከአጥሩ ጀርባ የቆመውን ያንኑ ጀልባ በአጥሩ ላይ እውነተኛው እስኪመስል ድረስ አሳለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። እኔም ስቄአለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ድፍን አጥር እግረኛ መንገድ ዳር ቢቆም፣ መኪና ለሚያወጣ ሰው ከጀልባው የባሰ ግርዶሽ ነው። ጀልባው በበጋ ቅዳሜና እሁድ እንኳን ይነሳል፤ አጥሩ አይነሳም።

ከዚህ ይልቅ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ሕግ ወደ ነገሩ ይቀርባል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት፣ ከቤቱ ፊት ለፊትም ሆነ ከአጎራባች ይዞታ የማይታይን ዕቃ እንዳይከለክሉ ያዛል፤ ጀልባም በስም ተጠቅሷል። እርግጥ መለኪያው አሁንም ዓይን ነው። ቢያንስ ግን ጀልባው የት እንዳለ ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ ይህን እንኳን አልጠየቁም።

ግዙፍ ጀልባዎች ሰፈሩን ይወሩታል የሚለውን ስጋት ብዙም አልረዳውም። ተጎትቶ ቤት የሚገባ ጀልባ አስቀድሞ መንገድ ላይ መጎተት አለበት፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚጎተት ነገር ስፋት ደግሞ በአሜሪካ 2.6 ሜትር ገደማ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 2.55 ሜትር ነው። የባለጸጎቹ ጀልባ ወደብ ላይ ተከራይቶ ይውላል፤ ደጃፍ አያውቅም። ደጃፍ የሚያድረው የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፣ ለወደብ ኪራይ አቅም የሌለው ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት። ደንቡ ጠንክሮ ሲወጣ የሚመታው ማንን እንደሆነ የምክር ቤት አባላቱ ቢያስቡበት ደግ ነው።

ሐይቆቻችንን እንወዳለን የምንል ሰዎች ደግሞ ጀልባ ቤት ማደሩን ልንጠላው አይገባም። ተሳቢ ላይ የሚኖር ጀልባ፣ ዘወትር ውኃ ውስጥ እንደሚኖረው፣ አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት እንዳይጣበቁበት መዳብ ያለበት ቀለም መቀባት አያስፈልገውም። ከሐይቅ ሐይቅ የሚዛመቱ ባዕድ ፍጥረታትን ለመግታት የሚሰጠውም ምክር ጀልባውን ማጽዳት፣ ውኃውን ማፍሰስና ማድረቅ ነው፤ ለማድረቁ ብዙ ጊዜ ቢያንስ አምስት ቀን ይመከራል። ዜብራ የሚባለው ባለ ሽንትር ትንሽ ዛጎል ለበስ እንስሳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችን ከወረረ ወዲህ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ የተሻገረባቸው ዋነኛ መንገዶች ጀልባዎችና ተሳቢዎች ናቸው። ታዲያ ጀልባ የሚደርቀው የት ነው? ደጃፍ ላይ ነው። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይነሳ የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን አላሰቡትም።

ለጀልባ ባለቤቶች ጠበቃ የቆምሁ እንዳይመስል የእነሱንም ልናገር። ሸራ በደንብ ካልተወጠረ መሐሉ ይረግባል፤ የዝናብ ውኃ ይቋጥራል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ሸራ ላይ የተቋጠረውን ውኃ ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ የሚወርዱና የሚወጡ የትንኝ ዕጮች ሞልተውበት ነበር። በሙቀት ወራት ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይበቃታል። ሸራ የሌለው ደግሞ የውኃ ማፍሰሻው ቡሽ ከተዘጋ ሆዱ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል፤ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ነው፣ ተሳቢው ይህን እንዲሸከም አልተሠራም። ቡሹን ነቅሎ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማቆም የደቂቃ ሥራ ነው። ስለ ቤንዚንም አንድ ነገር ልጨምር፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይተኛል፣ ስለዚህ ደጃፍ ላይ ነዳጅ መቅዳት ቢከለከል አልቃወምም።

ከሁሉ የሚያስመርረው ግን የተረሳው ጀልባ ነው። ብዙ ጀልባ የሚሠራበት ፋይበርግላስ የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ መልሶ ለመጠቀምም አስቸጋሪ ነው፤ በዚህ የተነሳ የማይፈለግ ጀልባ ሣር እየበቀለበት ዓመታት ይኖራል። ይህን ለመለየት የባለሙያ ቡድን አያስፈልግም፦ ታርጋው የታደሰ ነው? የተሳቢው ጎማ አየር አለው? ሁለቱም ከሌሉ ያ ቆሻሻ ነው፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትርም ቢሆን ይነሳ።

እንግዲህ ከረቂቁ የስድስት ሜትሩ አንቀጽ ወጥቶ የጀልባውም ሆነ የተሳቢው የትኛውም ክፍል ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሜትር እንዲርቅ፣ መኪና በሚወጣባቸው ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ዕይታ እንዳይጋረድ የሚል ቢገባ ብዙው ይስተካከላል። ውኃ አያቋጥር፣ ታርጋው የጸና ይሁን፣ መንቀሳቀስ የሚችል ይሁን የሚሉት ከዚያ ይከተላሉ። ለመጫንና ለማራገፍ የሚሆን አንድ ሁለት ቀን ፋታም ቢሰጥ አይከፋም።

ግን አንድ ችግር አለ፣ እሱንም የፈጠረው ምክር ቤቱ ራሱ ነው። ጎረቤቴን «ለምን ወደ ውስጥ አያስገቡትም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። እሳቸውም ከቤታቸው ጎን ያለውን ባዶ ስፍራ አሳዩኝ። ጀልባው ልክ ይገባበታል፣ ከመንገድም አይታይም። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለው የቆየ ደንብ ኮንክሪት ወይም አስፋልት ባልተነጠፈበት መሬት ላይ ተሳቢ ማቆምን ይከለክላል፤ ሌላው አንቀጽ ደግሞ ከግቢው ምን ያህሉ ሊነጠፍ እንደሚችል ይገድባል፣ እሳቸውም ከገደቡ ደርሰዋል። ጠጠር እንዲደፋ ቢፈቀድላቸው የዝናቡን ውኃ መሬቱ ይመጠዋል፣ ጀልባውም ከፊቴ ይነሳል። ማመልከቻ አስገብተው «ደንቡ አይፈቅድም» የሚል አንድ መስመር መልስ አገኙ። ረቂቁ ለሁለተኛ ንባብ ከመቅረቡ በፊት ምክር ቤቱ ያችን የጠጠር አንቀጽ ያሻሽልልን። ጎረቤቴ ጠጠሩን በአንድ ቀን አስደፋዋለሁ ብለውኛል፤ አካፋ ይዤ እንደማግዛቸውም ቃል ገብቻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ