የሸክላና ግራሞፎን ክበብ፦ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው በአንድ ኤችኤምቪ 101 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ የወጣ፣ እንደ ሻንጣ የሚያዝ ግራሞፎን ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ በማኖቬላ በሚሞላ ሞላ ይዞራል። የመጀመሪያው ሴሚስተር በጥገና አለቀ።

ሲመጣ ሞላው በየመሀሉ «ዱብ» እያለ ይዘል ነበር። ተሰብሮ ሳይሆን ግራሶው ደርቆ ነው፦ የሞላው ጥቅልሎች ይጣበቁና በአንዴ ይላቀቃሉ። ሞላ ከቤቱ ካመለጠ ጣት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጉልበቱ እስኪያልቅ ካዞርነው በኋላ የፈታሁት እኔ፣ የክበቡ ኃላፊ፣ ነኝ፣ በወፍራም ጓንትና በመነጽር። የማዞሪያውን ጥርሶች ተማሪዎች በነጭ ጋዝ አጠቡ። ለሞላው ግራፋይት ያለበት ግራሶ፣ ለፍጥነት መጠበቂያው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ተጠቀምን።

ፍጥነቱ በደቂቃ 78 ዙር መሆን አለበት። የሚለካውም መርፌው ሸክላው ላይ እያለ ነው፤ የመርፌው ጫና ዙሩን ያዘገያል። የ11ኛ ክፍል አባላት መለኪያውን ራሳቸው አሰሉት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በደቂቃ 6000 ጊዜ ያብለጨልጫል፤ ለ78 ሲካፈል 77 ገደማ ይሆናል። በክብ ወረቀት ላይ 77 መስመር እኩል አሰመሩ፤ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ብዙ ኤልኢዲ አምፖሎች እንዲህ ስለማያብለጨልጩ ባለ ባላስት የድሮ ፍሎረሰንት ሥር ማየት ይሻላል።

ድምፁ ይንጣጣ የነበረው የመርፌውን ንዝረት ወደ ድምፅ የሚለውጠውን የማይካ (የማዕድን ዓይነት) ስስ ገበታ ግራና ቀኝ የያዙት የጎማ ቀለበቶች እንደ እንጨት ስለደረቁ ነው። በለስላሳ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተክተናቸዋል። የቱቦው ጫፎች ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ መግጠም አለባቸው። ሦስት ጊዜ ቆርጠን ነው የተሳካልን።

ስሙ ሸክላ ቢሆንም ጭቃ የለበትም። በእስያ የሚገኙ የላክ ነፍሳት ከሚያወጡት ሙጫ፣ ከድንጋይ ዱቄትና ከጥላሸት ነው የሚሠራው። ዱቄቱ መርፌውን ሞርዶ ከቦዩ፣ ማለትም መርፌው ከሚሄድበት ጠባብ መስመር፣ ጋር ያስማማዋል፤ ሦስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው አንዱ ገጽ ሲያልቅ መርፌውም አብቅቷል። ለሁለተኛ ገጽ የተደገመ የብረት መርፌ ቦዩን ይቆርጣል፣ ጥቁሩም ሸክላ ይገረጣል። በመርፌ መሰሰት ሸክላ መግደል ነው፤ ያገለገለው ወዲያው ክዳን ወዳለው ቆርቆሮ ይገባል። አልኮል ሙጫውን ስለሚያሟሟ የምናጸዳው አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውኃ ነው፤ መሀል ያለው ወረቀት አይነካም፣ ሸክላውም ቆሞ ይደርቃል።

ወላጆች በደግነት ካመጡልን አብዛኛው ባለ 45 ዙር ቪኒል (የፕላስቲክ ሸክላ) ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ጨምሮ። ሁሉንም ሳናጫውት መለስን። ከ100 ግራም በላይ የሚጫን የብረት መርፌ ቪኒልን በአንድ ጊዜ ያበላሻል። በሌላ በኩል፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በጀርመን እንዳስቀረጿቸው ያሉ እውነተኛ የ78 ዙር ሸክላዎች ቢመጡልንም ግራሞፎኑ ላይ አናስቀምጣቸውም። ለብርቅ ቅጂ የሚሆነው ቀላል ክንድ ያለው የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ነው፤ መርፌውም ለ78 ዙር የተሠራ፣ ከቪኒሉ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚወፍር መሆን አለበት። ለ2018 ዓ.ም. ከትምህርት ቤቱ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው።