የድህነት ቁጥሩ ለምን ጨመረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የዘንድሮው የዳሰሳ ሪፖርት ከደረሳችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ የምትጠይቁን አንድ ነው። «አምና ድሃ ያልተባሉ ቤተሰቦች ዘንድሮ ድሃ ተባሉ። ምን ነካቸው?»

የአብዛኞቹ ኑሮ እንደነበረው ነው። ከፍ ያለው የድህነት መስመሩ፣ ማለትም ከእሱ በታች የሚኖር ድሃ የሚባልበት መጠን ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የከፋ ድህነት መለኪያውን በሰው በቀን ከ2.15 ወደ 3 ዶላር አሳድጎታል። 2.15ም ቢሆን የመጣው በ2022 ነው፤ ከዚያ በፊት 1.90 ነበር። ይህ ዶላር ደግሞ ባንክ ሄደን የምንመነዝረው አይደለም። የየአገሩ የዋጋ ልዩነት ታስቦበት የሚሰላ የመግዛት አቅም ነው። መስመሩ የሚወጣው ከድሃ አገሮች ብሔራዊ የድህነት መስመሮች ነው። የ2021 የዋጋ መረጃ ሲገባና አገሮቹ መስመሮቻቸውን ሲከልሱ ዓለም አቀፉም አብሮ ወጣ። በዚያ ክለሳ ብቻ በዓለም ላይ የከፋ ድሃ የሚባለው ሰው ከ100 ሚሊዮን በላይ ጨምሯል።

ስለዚህ የአምናውን በ2.15፣ የዘንድሮውን በ3 አስልቶ ማወዳደር የልጅን ቁመት አምና በክንድ፣ ዘንድሮ በስንዝር ለክቶ «አደገ» እንደማለት ነው።

አማካይ ገቢን ከፊት ገጽ ያወጣነው ግን ሆን ብለን ነው። ዘጠኝ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 100፣ አንዱ 9,100 ቢያገኙ አማካዩ 1,000 ይሆናል። ከአሥሩ ግን 1,000 የሚያገኝ አንድም የለም! እኛ አሁን የምናስቀድመው ቤተሰቦቹ በገቢያቸው ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘውን ነው። እዚህ 100 ነው። ከጎኑ የገቢ ልዩነትን የሚያሳይ የጂኒ መለኪያ አለ፤ 0 ሲሆን ሁሉም እኩል ነው፣ 100 ሲሆን ሁሉን አንዱ ጠቅልሎታል። ጂኒን ለብቻው አትመኑት። ሁሉም እኩል የደኸየበት ቦታም ዝቅተኛ ጂኒ ይኖረዋል።

ገንዘብ የማያሳየው ችግርም አለ። በቀን ከ3 ዶላር በላይ እያወጣ ንጹህ ውሃ የማያገኝ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያልላከ ቤተሰብ ሞልቷል። ለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሠራበትን፣ ጤናን፣ ትምህርትንና የኑሮ ደረጃን በ10 መለኪያዎች የሚያየውን የዘርፈ ብዙ ድህነት ስሌት በአባሪ ጨምረናል። መጠይቃችሁ እነዚህን ካላካተተ አባሪው አይኖርም።

ለቦርድ ወይም ለረጂ ሪፖርት የምታቀርቡ፣ በ2.15 የተሰላውንም ሰንጠረዥ አብራችሁ አያይዙ። ያለፉት ዓመታት ሪፖርቶቻችሁን በአዲሱ መስመር አስልተን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳሰሳና የመረጃ ትንተና ክፍል