የሕርማታው በርጩማ

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ የቤቱን ነገር የሚያነሳብኝን ሰው ሁሉ ሸሸሁ፤ አንቺ ደግሞ ያንን ቤት ከእኔ እኩል ታውቂዋለሽ። ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ የጅማ ሙዚየም ገባሁ። ስለ አባ ጅፋር ስነግራት ዋልኩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 እንደነገሡ፣ እናታቸው ጉሚቲ መክረዋቸው ለምኒልክ በሰላም እንደገበሩ፣ ሌላው አገር ሲቃጠል ጅማ በዚህ እንደተረፈች። የጅሬንን ቤተ መንግሥት ስለምታውቀው ደስ ብሏት ሰማችኝ። ዓይኗ ያረፈው ግን አንድ በርጩማ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ምስማሩ የታለ?» አለችኝ።

ምስማር የለውማ! መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ነው የሚወጡት። ሦስት እግር ስለሆነ የወለሉ አፈር ጎርበጥ ቢል እንኳ አይንገዳገድም። ይህን ሁሉ ነገርኳት። «የማን ነበር?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። የንጉሡን ታሪክ እስከ እናታቸው ምክር ድረስ ተርኬ፣ የዚያን በርጩማ ባለቤትም ጠራቢም አላውቅም።

የእናቴን ብትጠይቀኝ ኖሮ! መሐሉ በመቀመጥ ብዛት እንደ መስታወት ያበራ ነበር፤ ሆዱ በጭስ ጠቁሯል። አንዱ እግሩ ላይ የጠባሳ ምልክት አለ፤ እኔና አንቺ ስንሯሯጥ የቡናውን ከሰል የደፋንበት ቀን። ከተዝካሩ በኋላ ቤቱን ሳጸዳ፣ ሐዘኑ ዓይኔን ጋርዶት፣ በሁለት ፕላስቲክ ጆግ ለልዋጭ ሰጠሁት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአንቺ ብቻ ነው።

እናትሽ እትዬና እናቴ ግን በርጩማቸውን አንድ ሐሙስ ዕለት ሕርማታ ገበያ አብረው ወርደው ከአንድ ሰው እጅ ነው የገዙት፤ መንታ ነው ይሉ ነበር። እትዬ አዲስ አበባ ሲገቡ የራሳቸውን ይዘውት ሄደዋል። አሁንም አለ? እባክሽ እሳቸው ሳይደክሙ ጠይቂያቸው፦ ጠራቢው ማን ይባል ነበር? ከየት መንደር ነው? እንጨቱስ ዋንዛ ነው? የሚሉሽን እንዳሉት ጻፊልኝ። በርጩማውንም ገልብጠሽ ከሥሩ ፎቶ አንሺልኝ፤ የመጥረቢያውን ምልክት ለልጄ ላሳያት።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ጅማ