ሀሪኬኑን ተዉትና ቦዩን ክፈቱልን

ለወረዳችን ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል። መልስ የለም፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" መልስ ከሆነ እሱን ብዙ ጊዜ አግኝቻለሁ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እያየ ልጻፍልዎት።

ሐምሌ ላይ እኩለ ሌሊት ጎርፍ ቤታችን ገባ። እናቴ አልጋ ላይ ኩርምት ብላ፣ እኔ ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ በባሊ ስደፋ፣ ለክረምት ብለን የገዛነው ጤፍ ከነማዳበሪያው ጭቃ ሆኖ ነጋ። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለመንገዱ ሥራ የተቆፈረው አፈር የጎርፍ መውረጃው ላይ ተደፍቶ ቀረ። ቆፍሮ የሄደ ተቋራጭ አፈሩን ማንሳት እንዳለበት ደግሞ እኔ አልነግርዎትም። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ የግንቦት ነው፣ ገና ሰማዩ ሳይጠቁር።

ከዚያ በነዋሪዎች ስብሰባ ምን አሉን? "የአየር ንብረት ለውጥ ነው፤ አሜሪካ እንኳ ሀሪኬንን አልቻለችውም።" ጉድ እኮ ነው! እኛ ስለ ቦይ ስንጠይቅ እርስዎ ፍሎሪዳ ደረሱ።

እሺ፣ በሀሪኬን እንነጋገር። ሀሪኬን የሚባለው ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ ጉልበት የሚያገኘው 26 ወይም 27 ዲግሪ ገደማ ከሞቀ ባሕር ነው። ባሕሩ ይበልጥ ሲሞቅ ቁጥሩ የግድ ባይበዛም ኃይለኞቹ እየበረከቱ ይሄዳሉ። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ ባሕርም የለን። በፈረንጆቹ 2020 ኅዳር ላይ ጋቲ የተባለው አውሎ ነፋስ ጎረቤታችንን ሶማሊያን መትቷል፤ እሱም ቢሆን የእኛን ቦይ በአፈር አልደፈነም።

አንድ ነገር ግን እኛንም ይመለከታል። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ስለዚህ ሲዘንብ ዶፉ ይከብዳል። በፈረንጆቹ 2017 ሃርቬይ የተባለው ሀሪኬን ቴክሳስ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ በጥቂት ቀናት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ አወረደ፤ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አታገኝም። ታዲያ ዝናቡ እንደሚብስ እንዲህ አበክረው ካወቁ፣ ቦዩን ከማንም ቀድመው ማስጠረግ የነበረብዎት እርስዎ አይደሉም?

አፈሩ ዛሬም እዚያው አለ። ሣር በቅሎበት የጎረቤት በግ ይግጥበታል። መጥተው ይዩት። ቦት ጫማ ግን አይርሱ።