ይድረስ በአዳማ ለምትገኚው ጓደኛዬ

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታሽን እለምናለሁ፤ ወቀሳውን ግን ስንገናኝ እንድታወርጂብኝ አቆዪልኝ። ጉዳይ ሳይኖራት አትጽፍም ብትይም አልከራከርሽም፤ ጉዳይ አለኝ።

ከሚሠሩ ታዳጊዎች ጋር የጀመርነው የበጎ ፈቃድና የወጣት መሪነት ሥልጠና በዚህ ክረምት አስተባባሪነቱ በእኔ ላይ ወድቋል። ዕቅዱን ታውቂዋለሽ፤ ችግኝ መትከል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ በመሐልም ስብሰባ መምራትንና በሰው ፊት መናገርን መለማመድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የተመረጡት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጫማ የሚጠርግ የ15 ዓመት ልጅ በሊስትሮ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከእኛ ጫማ ሳያነሳ ከቆየ በኋላ እጁን አወጣና፣ «ክረምት እኮ ለእኛ የሥራ ወቅት ነው፤ ጭቃው ነው የሚያበላን» አለ። ቀጥሎም ጠዋት ሠራተኛ ሲገባ፣ እሑድም ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሥራውን ጥሎ መምጣት እንደማይችል፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ደንበኛ ስለማይበዛ ሊገኝ እንደሚችል አስረዳን። መሪነት ልናስተምረው የጠራነው ልጅ የእኛን የጊዜ ሰሌዳ አርሞልን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ምሳና የቀረባቸውን ገቢ የሚተካ ጥቂት ገንዘብ ካልሰጠን የሚመጡት ቤታቸው የሞላላቸው ልጆች ብቻ ይሆናሉ ሲል፣ ሌላው አበል የለመደ ልጅ ያለ አበል ንቅንቅ አይልም ብሎ ይሟገታል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። በየአዳራሹ አበል እየፈረምን ስለ በጎ ፈቃድ ስንሰለጥን የኖርን ሰዎች ከሊስትሮ ልጅ ነፃ ጉልበት መጠየቃችን ያሳፍረኛል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ስምንት እርከን ያለው የልጆች ተሳትፎ መሰላል የታችኞቹን ሦስቱን፣ ማለትም ልጆችን መጠቀሚያ፣ ጌጥና የይስሙላ ተወካይ ማድረግን፣ ከተሳትፎ አይቆጥራቸውም፤ ቲሸርት አልብሰን ፎቶ ያነሳናቸው ልጆች የትኛው እርከን ላይ እንደነበሩ ለአንቺ አልነግርሽም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። በሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ማታ የምትማር የ16 ዓመት ልጅ አለች፤ ጥቂት ተናግራ የተጣሉትን ታስማማለች፣ ልጆቹም ያለ ተቃውሞ ሰብሳቢ አድርገው መርጠዋታል። አሠሪዋ ከእሑድ ከሰዓት በስተቀር አይለቋትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ቢደነግግም የቤት ሠራተኛ ከአዋጁ ውጭ ስለሆነች ሕግ ጠቅሼ መከራከር አልቻልኩም፤ ብከራከርም ጦሱ ለልጅቷ ነው። ወይዘሮዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ። ነገር ግን «እሷ ስብሰባ ስትመራ እንጀራውን ማን ይጋግራል?» ሲሉኝ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ።

እንዲህ ያለውን ነገር የምታለዝቢው አንቺ ነሽ፤ የጉልት ነጋዴዋን ጉዳይ ማን እንደፈታው እስከ ዛሬ ይወራል። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ ሳላውቅ እዚህ ደረስኩ እንጂ፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ለሁለት ቀን ብትመጪ… እውነቱን ልናገርና፣ እንደምትመጪ ለኮሚቴው አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ብትቆጪም መብትሽ ነው፤ ከአዳማ ሙቀት ዕረፍት ታገኛለሽ፣ የዓሣ ሾርባውም በእኔ ሒሳብ ነው። ለወይዘሮዋም እንግዳ ይዤ እንደምመለስ ነግሬያቸዋለሁና የትኛው እሑድ እንደሚመችሽ ቶሎ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ፣
ከሐዋሳ