ከታችኛው ሰፈር ቅሬ (ዕድር) ጋር ዕቃ ስለመዋዋስ

እንደምን ሰነበታችሁ የቅሬያችን አባላት፣

የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ያለ ድንኳን ለቅሶ መቀመጥ አይታሰብም። ሁለት ሐዘን ከተደራረበ ደግሞ የኛ ድንኳን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ከታችኛው ሰፈር ቅሬ ጋር ዕቃ እንድንዋዋስ እየተነጋገርን ነው።

አንዳንዶቻችሁ “ወንበራችን ተሰብሮ ቢመለስስ?” ብላችኋል። ልክ ናችሁ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል፤ መተማመን ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ያ በሚተዋወቅ ሰው መካከል ነው። ቅሬና ቅሬ ሲሆን ፊት አይቶ ማመን አይበቃም፣ መዝገብ ይፈለጋል።

እነሱ ቀድመው መዝገባቸውን ይዘው መጡ። የጎደለውን ድስት፣ እግሩ የተሰበረውን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር አሳዩን። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። “ሁሉም ሙሉ ነው” ቢሉን ኖሮ እጠራጠር ነበር። እኛም የተቀደደውን ሸራችንን አንደብቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዕቃ ሲወጣም ሲገባም ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ቆሞ ይቆጥራል፣ ይፈርማል። የሰበረ ይተካል። ገንዘብ ግን አንቀላቅልም፤ እሱ ገና ነው።

ቆጣሪ መሆን የምትፈልጉ እስከ እሑድ ለጸሐፊው ስማችሁን አስመዝግቡ።