ባሌን ገና አልደረስንበትም፤ የተፈጥሮና የእግር ጉዞ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ዓሣ ለማጥመድ ባሌ ድረስ?» ዘንድሮ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። መልሱን እዚሁ ልጻፈውና እንገላገል።

ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ሲያቅድ የከረመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጉዞ ነው። ድንኳንና ስንቅ በጀርባ ተሸክሞ ከዲንሾ መነሳት፣ የዌብን ወንዝ ተከትሎ በእግር መጓዝ፣ ወንዝ ዳር ማደር፣ ትራውት ማጥመድ። ትራውት የአገራችን ነባር ዓሣ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ ነው የባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ወራጅ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳላ! ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪውና ጂኦግራፊው አንድ ወንዝ ላይ ይገናኛሉ። ሽርሽር ነው የሚሉን ሰዎች እስቲ ይህን ያስቡልን።

ስብሰባዎቻችን ሐሙስ ሐሙስ ተካሂደዋል። ኮሚቴ ተመርጧል፤ መዋጮ ተሰብስቧል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዟል። አንዱ ስብሰባ «ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም» በሚል ክርክር አለቀ፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አላለቀም። ሌላ ቀን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ትራውቱን እዚሁ በሬሳ ወንዝ ላይ ለምን አንለቀውም? ደብረ ብርሃን እንደሆነ ብርድ አይቸግራት» አለ። ሁሉም ሳቀ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። የበሬሳ ወንዝ ጀማ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ጀማ ደግሞ ዓባይ። ትራውት አዳኝ ዓሣ ስለሆነ ነባሮቹን ትንንሽ ዓሦች ይለቅማል። አንዴ ከለቀቁት ደግሞ ማን መልሶ ይሰበስበዋል? ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ሐሳቡን ጣሉት። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ለልምምድ መንዝ ጓሳ ወጣን። የአካባቢው ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ቦታ ነው። ቀኑን ጭላዳ እያየን ተጓዝን። ወንዝ ዳር ድንጋይ እየገለበጥን ትራውት የሚመገባቸውን ዓይነት የነፍሳት እጮች ፈለግን፤ የውሃውንም ሙቀት ለካን። ወደ ጅረት ከታች በኩል መጠጋትንም ተለማመድን። ዓሣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው የመጣውን ቶሎ አያይም።

ማታ መኮሮኒ ጣድን። ውሃው ይንተከተካል፤ መኮሮኒው ግን አልበስል አለ። አንዱ ቡታጋዙን ረገመ፣ ሌላው ነፋሱን፣ ሌላው የገዛንበትን ሱቅ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ዝም ብላ ተነሳች። ከቦርሳው የላብራቶሪውን ቴርሞሜትር አውጥታ ድስቱ ውስጥ ከተተችው። በእጅ ባትሪ አነበበችው፤ 89 ነበር። «ቲቸር፣ ውሃው ፈልቷል፤ ግን 100 አልደረሰም። ከፍታው ነው» አለች። ከዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ከ100 በታች እንደሚፈላ ለጓደኞቿ አስረዳቻቸው፤ ጋቢ ተከናንባ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምሬዋለሁ፤ እንደዚያ ማታ ሲገባቸው ግን አይቼ አላውቅም። ፊቴን ወደ ጨለማው ማዞር ነበረብኝ።

በማግሥቱ የስንቁ ዝርዝር ተቀየረ። መኮሮኒ ቀረ። በሶ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ገቡ። ቀላል ናቸው፤ እሳትም አይፈልጉም። እናቶቻችን ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል።

የባሌው ጉዞ ግን ዘንድሮ አልተሳካም። አውቶቡሱን ሊያከራየን የተስማማው ሰው መነሻችን ሲቃረብ ዋጋ ጨመረ፤ የሰበሰብነው መዋጮ አልበቃም። ሁለት ድንኳን አለን፤ የአንዱ ዚፕ አይዘጋም። ኳስና ማሊያ በየዓመቱ ሲገዛ አያለሁ፤ ቅናት አይደለም። ለዚህ ክበብ ግን ከትምህርት ቤቱ እስካሁን የተሰጠው ጠመኔና ማበረታቻ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ያሰብነው የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት ነው። ያኔ ባሌ ላይ ዝናብ አይበዛም፤ ወንዙ አይደፈርስም። ሌሊቱ ግን ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ የግድ ነው። የሚያስፈልገን የትራንስፖርት፣ የፓርክ መግቢያ፣ የአስጎብኚና የጭነት ፈረስ ወጪ ነው፤ ያገለገለ ድንኳንም እንቀበላለን። ማገዝ የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሐሙስ ከሰዓት ላብራቶሪ ክፍል ታገኙናላችሁ። አውቶቡስ ለመያዝ ቁርጡን ከኅዳር በፊት ማወቅ አለብን።